ባሌ የሚያውቀው የበሽታውን ስም ብቻ ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቋ 14 ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው፣ ኡበር ይነዳ ነበር። አምና የቀኝ እጁ ቁልፍ ማዞር እያቃተው መጣ፣ ድካም ነው አልን፣ ከዛ ዲስክ ነው ተባለ፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰ፣ በመጨረሻ የዛሬ 7 ወር የነርቭ ሃኪሙ ኤኤልኤስ ነው፣ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው አለን። አሁን ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ ምላሱ መተሳሰር ጀምሯል፣ ሲበላ ሲጠጣ ትን ይለዋል፣ ትንፋሹን ሲለኩት ከጤነኛ ሰው 74 ፐርሰንት ነው አሉን። ሪሉዞል የሚባለውን ክኒን ይወስዳል። ጾሙንም አላቋረጠም፣ በጣም ከስቷል።

አሁን ሦስት ቦታ ተወጥሬያለሁ። የሚታከምበት ሆስፒታል ትራያል፣ ማለትም መድሃኒት በሰው ላይ የሚፈተንበት ጥናት አለ፣ ቶሎ ወስኑ ብለውናል። አዲስ መድሃኒት ነው፣ 24 ሳምንት ይፈጃል፣ ከአራት ሰው ሦስቱ መድሃኒቱን አንዱ ፕላሴቦ፣ መድሃኒት የሚመስል ግን ውስጡ መድሃኒት የሌለው ነገር ይወስዳል፣ ማን የቱን እንደወሰደ ዶክተሩም አያውቅም፣ ከዛ በኋላ ግን ለሁሉም መድሃኒቱን ይሰጣሉ። ከጀርባው ፈሳሽ የሚወስዱበትም ቀን አለ። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ዳላስ ያለው ወንድሙ ደሞ ውጭ አገር በስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊቀየሩ በሚችሉ ሴሎች እናክማለን የሚል ክሊኒክ አግኝቷል፣ 42 ሺ ዶላር ነው፣ ጎፈንድሚ በሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ከፍቶ እስካሁን 11 ሺ ተሰብስቧል፣ የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ሳይቀሩ ሰጥተዋል። የክሊኒኩ ሰዎች በየቀኑ በዋትስአፕ ቦታው እየሞላ ነው ይላሉ። ወንድሙ ትራያሉን ሲሰማ መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው ብሎ ጮኸብኝ። ባለቤቴ ራሱ ግን ስጠይቀው እናቴ ጋ ውሰዱኝ ነው የሚለኝ። እናቱ ደብረ ብርሃን ናቸው፣ ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ ይጠመቅ ይላሉ።

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የሱ እንግሊዝኛ ለስራ ይበቃዋል እንጂ የሃኪም ወሬ አይገባውም፣ ሁልጊዜ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። ዶክተሩ የዛን ቀን ስለ ዕድሜ ሲያወራ አፌ ተያዘ። የነርቭ በሽታ ነው፣ ኤኤልኤስ ይባላል፣ መድሃኒት አለው ብቻ አልኩት። እስከዛሬ የሚያውቀው እሱን ነው። ምን ላርግ? የትኛውን ልምረጥለት?

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ እውነቴን ነው የምልሽ ዓይኔ የቀረው የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ያንን ነገር ብቻሽን ይዘሽ፣ ሸሚዙን እየቆለፍሽ፣ ልጆች ትምህርት ቤት እያደረስሽ፣ ማታ አጠገቡ ተኝተሽ። ሚስትን የባሏን እንዲህ ያለ ዜና ተርጉሚ ብሎ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሲጀመርም መሆን ያልነበረበት ነገር ነው። አፍሽ የተያዘው ስለምትወጂው ነው፣ በዚህ አንቺን የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ አልስማማም። አገራችንም ቢሆን ክፉ ዜና ለታማሚው በቀጥታ አይነገርም፣ ቤተሰብ ይሰማል፣ ቀስ እያለ በሽማግሌ ይነገራል፣ አንቺም ያደግሽበትን ነው ያደረግሽው።

ግን የትኛውን ልምረጥለት ላልሽኝ፣ መልሴ እዛው ከሱ ጋ ነው ያለው። ትራያሉ ይሁን ክሊኒኩ ይሁን ደብረ ብርሃን፣ ሦስቱም የሱ ሰውነትና የሱ ጊዜ ነው፣ እሱ ደሞ መድሃኒት ያለው በሽታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። መድሃኒት አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ለምን ሙከራ ውስጥ ይገባል? እስቲ ደሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እናቴ ጋ ውሰዱኝ ሲልሽ ፊቱን አይተሽዋል? ብዙ ታማሚ ማንም ሳይነግረው ሰውነቱ ይነግረዋል፣ ሚስቴ እንዳትጨነቅ ብሎ ዝም ይላል። እናንተም አንዳችሁ ላንዳችሁ ብላችሁ እየተደባበቃችሁ ይሆናል። እርግጠኛ ሆኜ አይደለም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ግን አስቢበት።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚታከምበት ሆስፒታል ጋ ደውይና በሚቀጥለው ቀጠሮ የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን በያቸው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በአካል ካልተገኘ በስልክ ወይ በቪዲዮ ያመጣሉ፣ አንቺ ሳንቲም አትከፍይም። ለትራያሉ ደሞ ከዚህም ይጠብቃል፣ የሚፈርመው የስምምነት ወረቀት በሚገባው ቋንቋ ካልተገለጸለት ፊርማው ዋጋ የለውም። ነርሷን ለብቻዋ አግኝተሽ እስካሁን ሁሉን አልነገርኩትም ብትያት አትደነግጥም፣ ስንት ቤተሰብ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ዶክተሩም ሲጀምር ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቀው። ሁሉን ንገረኝ ካለ ይነገረው፣ ዝርዝሩን ለሚስቴ ንገሩ ካለም መብቱ ነው፣ ያኔ አንቺም የምትይዢው በሱ ፈቃድ ነው። የንስሐ አባታችሁ የምታምኗቸው ከሆኑ ቀድመሽ አማክሪያቸው፣ የዛን ቀን ማታ ቤት ቢመጡላችሁ ጥሩ ነው፣ ከእንደዚ ያለ ቀጠሮ ተመልሶ ብቻን መቀመጥ ከባድ ነው።

ዶክተሩ ያለሽን ዕድሜ እኔም ላለሳልስልሽ አልፈልግም። አብዛኛው ሰው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው የሚኖረው፣ ከአስር ሰው አንዱ ገደማ ግን ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፣ የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በ1963 በ21 ዓመቱ ተነግሮት እስከ 2018 ኖሯል። እሱ ለየት ያለ ሰው ነው፣ የናንተ እንደሱ ይሆናል ብዬ አይደለም፣ ግን የናንተን ቁጥር ማንም በእርግጠኝነት አያውቀውም።

ወደ ትራያሉ ልምጣ። ወንድሙ መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው ያለው ከፍቅር ነው፣ ፍርሃቱም ይገባኛል፣ ግን ፕላሴቦ ለምን እንዳስፈለገ ቢያውቅ ምናልባት ሃሳቡን ይቀይራል። ሬሊቭሪዮ የሚባል የኤኤልኤስ መድሃኒት ነበር። 137 ሰው ላይ ተሞክሮ ጥሩ መሰለ፣ ታማሚዎች ጊዜ የለንም ብለው ተሟገቱ፣ የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ በ2022 መስከረም ላይ ፈቀደው፣ ዋጋው በዓመት 158 ሺ ዶላር ገደማ ነበር። ከዛ 664 ሰው ላይ በፕላሴቦ ሲሞከር መድሃኒቱን የወሰዱትና ያልወሰዱት ምንም አልተለያዩም፣ በ2024 ኩባንያው ራሱ ከገበያ አወጣው። አየሽ፣ ይሄ በሽታ በአንዱ ሰው ላይ ሲሮጥ በሌላው ያዘግማል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ካልተለካ መድሃኒቱ ይሁን በሽታው ራሱ ቀስ ያለው መለየት አይቻልም። ወንድሙ ደሞ ማወቅ ያለበት ፕላሴቦ የደረሰው ሰው አይጣልም፣ በአብዛኛው ሪሉዞሉን ይቀጥላል፣ ክትትሉም ከተለመደው ይበልጣል፣ በናንተው ትራያል ደሞ ከ24 ሳምንት በኋላ መድሃኒቱ ለሁሉም ይሰጣል ብለሽኛል። ካልተመቸውም በማንኛውም ቀን ትቶ መውጣት ይችላል፣ ሕክምናው አይቋረጥበትም።

አንቺ ደሞ ይግባ ስትይ ይድናል ብለሽ ከሆነ ልቤ ይፈራል። እስካሁን በኤኤልኤስ ላይ ከተሞከሩት አብዛኞቹ አልሰሩም። የሰራው ሪሉዞል እንኳን ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፣ በጥናቶቹ የጨመረው ዕድሜ 2 ወይ 3 ወር ገደማ ነው። ትራያል መግባት ትልቅ ነገር ነው፣ ነገ ለሚታመም ሰው መንገድ ይከፍታል፣ ለሱም ሊጠቅመው ይችላል፣ ላይጠቅመውም ይችላል፣ የጎንዮሽ ጉዳትም ሊኖረው ይችላል። እሱ ይሄን ሁሉ ሰምቶ እገባለሁ ካለ ደስ ይለኛል፣ አልገባም ካለም አላዝንበትም። ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድን በተመለከተ እኛ ጋ ሽባ ያደርጋል የሚባል ወሬ አለ፣ መርፌው የሚገባው ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው፣ በብዛት የሚያስቸግረው ከዛ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት ነው፣ ይሄንንም በአስተርጓሚ ይጠይቅ።

በደብዳቤሽ ያላየሁት ነገር የጂን ምርመራ ነው። ተደርጎለታል? ካልተደረገለት ትራያሉን ሳትወስኑ ጠይቁ። ኤስኦዲ1 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ያላቸው ታማሚዎች አሉ፣ ከመቶ ሁለት ገደማ ቢሆኑ ነው፣ ለነሱ ቶፈርሰን የሚባል በጀርባ መርፌ የሚሰጥ መድሃኒት በ2023 ተፈቅዷል። ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ግን ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም። ውጤቱ ልጆቻችሁንም ሊመለከት ስለሚችል ደም ከመስጠቱ በፊት ጄኔቲክ ካውንስለር፣ ስለ ጂን ምርመራ የሚያማክር ባለሙያ ያነጋግራችሁ።

የስቴም ሴሉ ክሊኒክ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ፣ አትላኩት። 42 ሺ ዶላር ከፍሎ የሚገባ ታማሚ ደንበኛ ነው፣ ትክክለኛ ጥናት የሚፈትነውን መድሃኒት ለታማሚው አይሸጥም፣ ቦታው እየሞላ ነው እያለም በዋትስአፕ አያጣድፍም። ስቴም ሴል ለኤኤልኤስ በደንብ ተፈትኗል እኮ፣ ኑርኦውን የሚባል ከታማሚው ከራሱ መቅኔ ተወስዶ ተዘጋጅቶ ጀርባ ውስጥ የሚሰጥ ነበር፣ ብዙ ዓመት ተደክሞበታል፣ ትልቁ ጥናት ግን ግቡን አልመታም፣ በ2023 ኤፍዲኤ የጠራቸው ባለሙያዎች 17 ለ1 ማስረጃው አይበቃም አሉ፣ ኩባንያውም የፈቃድ ማመልከቻውን ሳበ። ይሄ እንግዲህ በሥርዓት የተሞከረው ነው። በሥርዓት ያልተሞከረው ምን እንደሚያደርግ ደሞ በ2016 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጥቷል፣ ከስትሮክ በኋላ አገር ላገር እየዞረ ጀርባው ውስጥ ስቴም ሴል ያስወጋ ሰው ሰረሰሩ ላይ እጢ የሚመስል እድገት ወጣበት፣ የእድገቱ ሴሎችም የሱ የራሱ አልነበሩም። ሌላው ለናንተ የሚያሰጋው፣ ብዙ ትራያሎች ከዚህ በፊት ስቴም ሴል የወሰደን ሰው አይቀበሉም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክሊኒኩን ሞክረን ከዛ ትራያል ማለት ላይቻል ነው።

ወንድሙን አትጣዪው፣ ያ ሰው ወንድሙ እጁ ላይ እያለቀ ዳላስ ተቀምጦ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነው። ሥራ ስጪው። ኤኤልኤስ አንታንግልድ የሚባል በዱክ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሪቻርድ ቤድላክ የተጀመረ ቡድን አለ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚወሩ የኤኤልኤስ ሕክምናዎችን አንድ በአንድ መርምሮ በነፃ ያወጣል፣ እሱን ያንብብ። ክሊኒኩንም ያፋጥጥልሽ፣ ውጤታችሁ በየትኛው የሕክምና ጆርናል ወጣ፣ ከተመለሰ በኋላ ኢንፌክሽን ቢይዘው ማን ይከታተለዋል፣ ለምን ታማሚው ይከፍላል ብሎ ይጠይቃቸው። ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጥናቶች መዝገብ ተመዝግበናል ካሉት እዛ መመዝገብ ማለት መንግሥት አይቶ ፈቅዶታል ማለት እንዳልሆነ ይወቅ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ላይ ነው። 11 ሺውን ደሞ መልሱ አልልም፣ ጎፈንድሚው ላይ ሃሳባችን ተቀይሯል፣ ገንዘቡ ለመታጠቢያ ቤቱ ማስተካከያና እናቱን ለማየት ይውላል፣ የማይስማማ ካለ ይመለስለታል ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የሰጡት ሰዎች የሰጡት ለሱ ነው፣ ለክሊኒኩ አይደለም።

አሁን እናቱ። እኔ ይሄን ከሦስቱ መጨረሻ አድርጌ አላየውም፣ እሱ በራሱ አፍ የጠየቀው ብቸኛው ነገር ነው። ከትራያሉ ጋ የሚጋጭም ላይሆን ይችላል። ለትራያሉ ኮኦርዲኔተር ሁለት ነገር ጠይቂያት፣ አንደኛ በሩ መቼ ነው የሚዘጋብን? ብዙ ትራያሎች ምልክቱ ከጀመረ የተወሰነ ጊዜ ያለፈውን ወይም ትንፋሹ ከተወሰነ ፐርሰንት የወረደውን አይቀበሉም፣ የሱ 74 ስለሆነ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ትነግርሻለች። ሁለተኛ ከመጀመሩ በፊት ወይም በቀጠሮዎቹ መሃል ሦስት ሳምንት አገር ቤት ደርሶ መምጣት ይችላል ወይ? ቶሎ ወስኑ ያሉሽ ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሆነ ሳይታወቅ እሱን ከእናቱ አታስቀሩት።

የሚሄድ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ይሂድ፣ ተዘጋጅቶም ይሂድ። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ይጠጋል፣ አየሩ ስስ ነው፣ የአውሮፕላኑም ውስጥ ቢሆን እንደ አዲስ አበባ ማለት ነው፣ ደረቱ ለደከመ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሳንባ ሃኪሙ ጋ ስለ ከፍታው በስም ተነጋገሩ፣ ማታ ባይፓፕ፣ በጭምብል አየር እየገፋ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ ያስፈልገው እንደሆነ ይለኩት፣ ካስፈለገው መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ወረቀት ዶክተሩ ይጻፍላችሁ፣ እዛ ትንፋሽ ቢያጥረው ኦክስጅን ብቻውን መስጠት ለኤኤልኤስ ታማሚ አደገኛ ሊሆን እንደሚችልና የሚያግዘው ባይፓፕ እንደሆነ፣ ያንን ወረቀት ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ያድርግ።

ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ መጠመቁን እኔ ከሕክምና ጋ አላጋጨውም፣ የሚያጽናናው ከሆነ ይጠመቅ። ጥንቃቄው ውሃው ላይ ነው። ትን የሚለው ሰው ፀበሉን እንደ ሌላው ሰው በብዛት ቢጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፣ በጉንጭ ያህል፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ ከመሄዱ በፊትም የመዋጥ ባለሙያዋ እንዴት እንደሚጠጣ ታሳየው። ፊቱ ላይ በኃይል እንዳይወርድበት አጥማቂውን ቀድማችሁ ንገሩ። መድሃኒቱንም ማንም አቁም ቢለው እንዳያቆም።

ጾሙ ደሞ ዛሬ መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው። በኤኤልኤስ የሚከሳ ሰው በሽታው ይፈጥንበታል፣ ክብደቱን መጠበቅ ከብዙ መድሃኒት የማይተናነስ ነገር ነው። ቤተክርስቲያንም ለታመመ ታዝናለች፣ የንስሐ አባቱ ብላ ይበሉት፣ ካንቺ ሲሰማው እሺ አይልም፣ ከሳቸው ግን ይቀበላል። ወደፊት መዋጥ ሲያቅተው ሆድ ላይ ስለሚገባው የመመገቢያ ቱቦም ያስረዷችኋል፣ ትንፋሹ ከ50 ፐርሰንት ሳይወርድ ቢገባ ይሻላል ይላሉ ሃኪሞች፣ እሱንም ከወዲሁ ጠይቁ።

ኡበሩን ካቆመ ገቢያችሁ እንዴት ነው? አልጻፍሽልኝም። በቂ ዓመት ሠርቶ ታክስ ከከፈለ ሶሻል ሴኩሪቲ ዲሰቢሊቲ፣ መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት የሚከፍለውን ድጋፍ አመልክቱለት፣ ሌላው ታማሚ 2 ዓመት የሚጠብቀውን ሜዲኬር፣ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የኤኤልኤስ ታማሚ ሳይጠብቅ ነው የሚያገኘው፣ የዲሰቢሊቲው ክፍያ የ5 ወር መጠበቂያም በ2020 መጨረሻ በወጣ ሕግ ለኤኤልኤስ ቀርቷል። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ፎርሙን ትሞላልሻለች፣ እንዳታፍሪ።

አንቺንስ ማን ጠየቀሽ? የ14 ዓመቷ ልጅሽ ምን ያህል ታውቃለች? አባቷ ሸሚዙን መቆለፍ እንዳቃተው አይታለች፣ ስልኳ ላይ የበሽታውን ስም ጽፋ ብቻዋን አንብባ እንዳይሆን እፈራለሁ። ለሱ ከተነገረ በኋላ ለልጆቹ ምን እንደምትሉ ሁለታችሁ ሆናችሁ ወስኑ፣ ያንን ሸክም እንኳን ካንቺ ይካፈል፣ አባታቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን አንሺና አስተርጓሚውን አስይዢ። የቀጠሮውን ቀን እንዳወቅሽ ጻፊልኝ፣ ዶክተሩን የሚጠይቃቸውን ነገሮች በአማርኛ አብረን እናዘጋጃለን፣ እሱ ራሱ አንብቦ የሚፈልገውን ይጨምርበታል።